በኢኖኬ አንገት የነበረው ቁልፍ

ሽታው ከሰው ቀድሞ ተቀበላቸው። ኢንስፔክተር ራይጂዬሊ ከፖሊስ ጀልባው ሳትወርድ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመች። ባሕሩ ናኮሮዋይ መንደር ገብቶ ሲወጣ በሆዱ የያዘውን ሁሉ አስታውኮ ነበር የሄደው፤ ዓሣው በየመንገዱ፣ የሰጠመው አሳማ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ከሥሩ የተነቀለው ጎደሬ በየኩሬው፣ ከሁሉም በላይ ዝንብ። ኮረብታው ላይ ቅጠል የያዘ ዛፍ አልቀረም፤ የጨው ነፋስ የለበለበው እሳት የበላው ይመስላል። ፊጂ ተወልዶ ይህን ሽታ የማያውቅ የለም። የለመደው ግን የለም።

ውሃው ገና ጉልበቷ ላይ ሳለ አንዲት ወጣት እየተንቦራጨቀች መጣችባት። ሽርጧ ላይ ጭቃ ደርቋል፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«መርማሪዋ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። አንቺስ?»

«ሴኒሚሊ እባላለሁ፤ የኢኖኬ ልጅ ነኝ። በእርዳታ ጀልባ ለመጣው ወታደር ነግሬ ያስጠራሁዎት እኔ ነኝ። ይፍጠኑ እባክዎ፤ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊቀብሩት ነው።»

«በዚህ ሙቀት ሳይቀብሩት መቆየታቸው ነው የገረመኝ።»

«መቅበሩንማ ይቅበሩት! እንደ ሌባ ነው እንጂ ሊቀብሩት ያሰቡት። ሰሌን አይነጠፍለትም፤ ለክብሩ የዓሣ ነባሪ ጥርስ አይቀርብለትም። ጉድጓዱን የቆፈሩለት ከሞቱት አሳማዎች ጎን ነው።»

ራይጂዬሊ ቀና ብላ አየቻት። የራሷን እናት ከዓመታት በፊት ሌላ አውሎ ነፋስ ወስዶባት፣ የምትቀብረው እንኳ አላገኘችም ነበር። ተከተለቻት።

ሴኒሚሊ እየሄደች ነገረቻት። ኢኖኬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመንደሩ ሹም ነበር። አውሎው ሲቃረብ ሕዝቡን እየነዳ ኮረብታው ላይ ወዳለው ዋሻ አወጣ። ወደ ላይ መውጣት ያልቻለችው አሮጊቷ አናሴኒ ብቻ ነበረች፤ እሷን በአዲሱ አዳራሽ አስተኟት። መሐል ላይ ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ። የአውሎው ዓይን ነበር። ኢኖኬ ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ ብሎ «አናሴኒን ላምጣት፤ ማንም እንዳይነቃነቅ» ብሏት ወረደ። ከዚያ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ተመለሰ፤ ባሕሩም ተከተለው። ረፋዱ ላይ ሕዝቡ ሲወርድ፣ አዳራሹ ተደርምሶ አናሴኒን ገድሏታል። ኢኖኬ ደግሞ መንደሩ ለክፉ ቀን ምግብ በሚያስቀምጥበት መጋዘን ውስጥ፣ በወደቀው ጣራ ሥር፣ በጣሳ ዓሣ ተከቦ ሞቶ ተገኘ።

«‹እኛን ዋሻ ውስጥ ከትቶ ሆዱን ሊሞላ ወረደ› ነው የሚሉት» አለች ሴኒሚሊ። «እኔ የሰማሁትን የሰማ ሌላ ሰው የለም። ልጁ ስለሆንኩ ደግሞ ማን ያምነኛል?»

«ሬሳውን አንስተውታል?»

«አላስነሳሁም። ከትናንት ጀምሬ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ።»

መጋዘኑ የእንጨትና የቆርቆሮ ነበር። ግማሹ ተንጋሎ፣ ግማሹ ተደፍቶ ቀርቷል። ኢኖኬ በጀርባው ተኝቷል፤ ወፍራም ወራጅ ደረቱን ተጭኖታል። ጥቂት ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ራቅ ብለው ይመለከታሉ። ራይጂዬሊ ዝንቡን በእጇ እያባረረች ተንበረከከች። 

መጀመሪያ ያየችው ጆሮውን ነው። ንጹሕ ነበር። ጠጉሩ ውስጥ ደለል የለም። ክንዱና ጉልበቱ በዛፍ ልጣጭ ተፋፍቋል። የጣሳዎቹ ወረቀት ከደረደሯቸው ቀን ጀምሮ ውሃ ያልነካው ይመስል ያብረቀርቃል።

«አንሱልኝ» አለች አብረዋት ለመጡት ሁለት ፖሊሶች።

ወራጁ ተነሳ፤ ኢኖኬን በጎኑ አዞሩት። ከትከሻው ሥር እንደ ቂጣ የተዳመጠ፣ የበሰበሰ ዓሣ ተጣብቆ ወጣ። ከተመልካቾቹ አንዱ ዞር ብሎ አስታወከ። ራይጂዬሊ ግን ዓሣውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ የሟቹን ማጅራት አየች። ራሱ ከኋላ ተፈርክሷል። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ እጇን ሰድዳ አንድ የኮንክሪት ቁራሽ አወጣች፤ ውስጡ ነጫጭ የባሕር ዛጎል አለ።

«መጋዘኑ ውስጥ ኮንክሪት ነበረ እንዴ?»

«የት ተገኝቶ» አለች ሴኒሚሊ። «ወለሉም አፈር ነው።»

በሩ ጭቃው ላይ ወድቋል። ጓጉንቸሩ ተከፍቶ፣ ቁልፉ እንደተሰካበት ነው። ከቁልፉ ላይ ከኮኮናት ቃጫ የተገመደ ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ይህን ቁልፍ ማን ነበር የሚይዘው?»

«አባቴ። ከአንገቱ አይለይም። በር ሲከፍት ብቻ በራሱ ላይ አሳልፎ ያወልቀዋል። ‹ኮፍያዬ ነው› ይል ነበር።»

ራይጂዬሊ ገመዱን ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ቋጠሮው አልተፈታም፤ ገመዱ ግን ሌላ ቦታ ላይ በስለት ተቆርጧል። ቁልፉን ከነገመዱ ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

በዚህ መሐል አንድ ግዙፍ ሰው ሰዉን እየገፋ መጣ። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ሬሳው አጠገብ ዘፍ ብሎ ወደቀና የሟቹን ጠጉር በመዳፉ ይደባብስ ጀመር።

«አንተ ጨብራራ! አንተ የሌሊት ወፍ! ሞተህም ማበጠሪያ አላገኘህም?»

ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ። ሰውዬው ላይሴኒያ ነው፤ የኢኖኬ የአክስቱ ልጅ፣ የአናሴኒ ልጅ። በዚያ አገር የሰው ራስ ክቡር ነው፣ በእጅ አይነካም፤ ከእሱ በቀር የሹሙን ራስ በእጁ የሚነካ ቢኖር ኖሮ በዚያ መንደር ደም በፈሰሰ ነበር። ለአክስት ልጅ ግን ስድቡም፣ ቀልዱም፣ ራሱም የተፈቀደ ነው።

ከሬሳው እግር በኩል ደግሞ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሽማግሌ ቆሞ ነበር፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ሰባኪው ኤሊያሴሪ። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሐል ያ ሸሚዝ እንዴት እንደነጣ ራይጂዬሊ ገረማት።

«ጌታ ይቅር ይበለው» አለ። «ሆድ ክፉ ነው፤ ሆድ ብዙ ሰው ጥሏል።»

«እታች የቀራችሁት እነማን ናችሁ?» አለች። «ወደ ዋሻው ያልወጣ ማን ነው?»

ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሰባኪው፣ ላይሴኒያና ባለጀልባው ዳያናንድ። የቀሩት ሁሉ ዋሻው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነው ያነጉት፤ አንዱ ለአንዱ ምስክር ነው።

ሰባኪውን ጣራው በተገነጠለው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አነጋገረችው። ሻይ አፍልቶ፣ ስኳር ጨምሮ አቀረበላት። ከደጃፉ ያበጠው አሳማ ይታያል። ሲኒውን ተቀብላ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ሰዉን ወደ ዋሻ ማውጣቱን ተቃውመዋል አሉ።»

«አዳራሹ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። ከባሕር ማዶ ያሉ ወንድሞች ሲሚንቶና ፌሮ ልከውልን፣ ሥራውን የመራሁት እኔ ነኝ። ኢኖኬ ግን አንዴ ዋሻ ካለ አለ ነው። አናሴኒን ብቻ ተወልኝ።»

«እርስዎ ግን አዳራሹ ውስጥ አላደሩም።»

ኤሊያሴሪ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። «የእግዚአብሔርን ቤት ጥዬ የት እሄዳለሁ? እዚህ ስጸልይ አደርኩ።»

«ማን አየዎት?»

«ጌታ አየኝ።»

«የእርስዎስ ቤተሰብ ደኅና ነው?»

ፊቱ በራ። «ተመስገን! ልጄ ከተማ ውስጥ ፎቅ ሠርቷል። አንዲት ቆርቆሮ አልተነቀለችበትም። ምሰሶው ሁሉ አርማታ ነው፤ ፌሮ እንደ ጉድ ነው የገባበት!»

«ወንድምዎን ሰው መትቶት ቢሆንስ?»

«ምን ማለትዎ ነው?» አለና ሲኒውን አስቀመጠ። «እኔን ነው? ኢንስፔክተር፣ እርስዎም የዚህ አገር ልጅ ነዎት። የታላቅ ወንድሜን ራስ በሕይወቴ በእጄ ነክቼ አላውቅም። በልጅነታችን ስንጫወት እንኳ! እንኳን ልመታው!»

«እሱስ እውነት ይመስለኛል» አለች ራይጂዬሊ፤ ተነሥታም ወጣች። ሻዩ እንደቀረበ ቀረ።

ዳያናንድ ከጀልባው ላይ ጭቃ እየዛቀ ነበር። ቤተሰቡ ትውልዱ ከህንድ ነው፤ እሱ ወደ ናኮሮዋይ ዕቃ ማመላለስ የጀመረው በቅርቡ ነው። አውሎው ሲመጣ ጀልባውን በውሃ ዳር ከሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች ሥር አስሮ ውስጡ አድሯል።

«ማን አየህ?»

«ትንኝ፣ እህቴ። የቀረችኝን ደም ጠጥታ ትመሰክርልኛለች።»

«የአዳራሹን ፌሮ ያመጣኸው አንተ ነህ?»

ዓይኑ ወደ ውሃው ሸሸ። «አመጣሁት። ወደ ባሕሩ ዳር አወረድኩት። ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ሥራ አይደለም።»

«ከዚያ በኋላ ያለ ነገር አለ ማለት ነው።»

ዳያናንድ በመልስ ፈንታ እጁን ዘርግቶ ከጠጉሯ ላይ አንድ የዓሣ ቅርፊት አነሣላት። ውሃ ዳር ዕቃ የሚያጥቡት ሴቶች በአንድ ድምፅ «ዉይ!» አሉ።

«አሁንም አልተማረም ይሄ ሰውዬ!» ጮኸች አንዷ። «የፖሊስ ራስ!»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ!» ዳያናንድ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። «እናቴ ራሳችንን እየዳበሰች ነው ያሳደገችን፤ እጄ ይረሳዋል።»

ራይጂዬሊ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ላይሴኒያን ያገኘችው ከአዳራሹ ፍርስራሽ መሐል ነው። እናቱን አውጥቶ ቀብሯታል፤ አሁን ሰሌኗን እየፈለገ ይቆፍራል።

«በጀርባዬ ተሸክሜ ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለ ቀና ሳይል። «ኢኖኬ ‹እኔና አንተ እየተፈራረቅን ወደ ላይ እንሸከማት› አለኝ። ሰባኪው ደግሞ ‹አሮጊት በዝናብ አታንገላቱ፤ ይሄ ቤት አይነቃነቅም› አለ። የሰባኪውን ሰማሁ። ኢኖኬን ሰደብኩት። የመጨረሻ ቃሌ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ፈሪ የሌሊት ወፍ፣ ዋሻህ ውስጥ ተንጠልጠል።›»

«አንተስ ለምን አብረሃት አላደርክም?»

«ያለ ሰሌኗ እንቅልፍ አይወስዳትም። ወንዙን ተሻግሬ ከቤት ላምጣላት ስል ሞልቶ ማዶ ያዘኝ። የጎደለው ረፋዱ ላይ ነው።»

«ማን አየህ?»

«ሸርጣን።»

«ምሰሶዎቹን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«ግድግዳውን ነው። ምሰሶው ሲሞላ የሚስቴ አገር ለቅሶ ሄጄ ነበር። ስመለስ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀኝ።»

ራይጂዬሊ ወደ ተሰበረው ምሰሶ ሄደች። እንደ ብስኩት ነበር የተቆረሰው። ከኪሷ ያለውን ቁራሽ አውጥታ ከስብራቱ ጋር ገጠመችው፤ ቦታውን አገኘ። ከምሰሶው ውስጥ የባሕር ዛጎል፣ የባሕር አሸዋና አንድ ጠርሙስ አየች። ፌሮ የሚባል ነገር፣ የሚስማር ያህል እንኳ አልነበረም። ከመጣች ጀምሮ ስትታገለው የነበረው ማቅለሽለሽ አሁን አሸነፋት። የዓሣው ሽታ ግን አልነበረም።

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ ሕዝቡ ሁሉ ጣራ በሌለው ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ። ኢኖኬን በቃሬዛ አምጥተው መሐል አኖሩት። ሴኒሚሊ ከአጠገቡ ተቀመጠች። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሰዎች አካፋቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆመዋል።

«ቀብሩ ሳይመሽ ቢሆን ጥሩ ነው» አለ ኤሊያሴሪ።

«አይመሽም» አለች ራይጂዬሊ። «ሁላችሁም ኢኖኬ በአውሎው ሞተ ትላላችሁ። በአውሎው አልሞተም። ባሕሩ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ደለልና ዓሣ ጥሎ ወጥቷል። ኢኖኬ ባሕሩ ሲገባ እዚያ ወድቆ ቢሆን ደለሉ ከላዩ በሆነ፣ ጆሮው በጭቃ በተደፈነ። ዓሣው ግን ከትከሻው ሥር ነው የተገኘው። ጣሳዎቹም ውሃ ካልደረሰበት ከላይኛው መደርደሪያ ወድቀው ደለሉ ላይ ሳይቆሽሹ ተበትነዋል። ኢኖኬ ወደዚያ የገባው ባሕሩ ከሄደ በኋላ ነው።»

ሹክሹክታ ተነሣ።

«ታዲያ ሌሊቱን የት ነበር?» አለች አንዲት አሮጊት።

«ዛፍ ላይ፣ እናቴ። ክንዱንና ጉልበቱን እዩት። አናሴኒን ሊያመጣ ወርዶ፣ ነፋሱ ሲመለስበት ዛፍ አቅፎ አነጋ። ሲነጋ መጀመሪያ የሄደው ወደ ምግብ አይደለም። ይህ ቁራሽ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የመጣውም ከአዳራሹ ምሰሶ ነው። አናሴኒ ከሥሩ ተጨፍልቃ አያት። ምሰሶው ውስጥም ፌሮ እንደሌለ አየ። ለእናንተ ሊያሳያችሁ ቁራሹን ያዘ። በዚያ ሰዓት ከታች የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከኋላው በእንጨት መታው።»

ላይሴኒያ ብድግ አለ። ሁለት ፖሊሶች ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«ገዳዩ ሬሳውን ምን ያድርገው? አዳራሹ አጠገብ ቢተወው ሰው ምሰሶውን ያያል። መጋዘኑ ውስጥ ከትቶ አውሎው ያላላውን ጣራ ቢጥልበት ግን ኢኖኬ ሌባ ይሆናል፤ ሹም ነበርና የአዳራሹም ጥፋት በእሱ ይላከካል። በሩ ተሰብሮ ቢገኝ ማንም ሌባ ገባ ይባላል። በቁልፍ ተከፍቶ ሲገኝ ግን ሌባው ባለቁልፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፉ አስፈለገው።» ገመዱን ከኪሷ አወጣች። «ኢኖኬ በር ሲከፍት ይህን በራሱ ላይ አሳልፎ ነበር የሚያወልቀው። አሁን ግን በስለት ተቆርጧል።»

«ቢቸኩል ነዋ» አለ ኤሊያሴሪ።

«የቸኮለ ሰው በራሱ ላይ ያወልቀዋል፤ ጠጉሩን ገለጥ፣ ገመዱን ሳብ፣ አለቀ። ቢላዋ ያወጣ ሰው ግን አንድ ነገር ፈርቷል። ዳያናንድ ቢሆን ያወልቀው ነበር፤ የኔን ራስ እንኳ በመንደሩ ፊት ነክቷል። ላይሴኒያም ቢሆን ያወልቀው ነበር፤ ይህን ራስ ዕድሜውን ሁሉ ሲያንጨባርረው ነው የኖረው።» ቀስ ብላ ወደ ሰባኪው ዞረች። «የታላቅ ወንድሙን ራስ በሕይወቱ ነክቶ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። ይህንንም ራስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ነጩ ሸሚዝ ዞረ። 

«ይህ ማስረጃ አይደለም» አለ ኤሊያሴሪ። ከንፈሩ ነጥቷል።

«ዳያናንድ፣ ፌሮውን የት አደረስከው?»

ባለጀልባው አንገቱን ደፋ። «መልሰህ ጫን አለኝ። ለሌላ ደሴት ቤተ ክርስቲያን ነው አለኝ። ያወረድነው ግን ከተማ፣ ልጁ ፎቅ የሚሠራበት ግቢ ነው። አየሁ፤ ዝም አልኩ። ሴትዮዋ ስትሞትም ዝም አልኩ። እኔም ራሴን ሸተተኝ፣ እህቴ።»

«እናቴን» አለ ላይሴኒያ። ድምፁ የሕፃን ነበር። «‹ይሄ ቤት አይነቃነቅም› ብለህ በእጅህ ያስተኛሃት እናቴን። አንተስ አላደርክበትም።»

ኤሊያሴሪ ያን ነጭ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ጨመደደው።

«ይጮህ ነበር» አለ። «እሷን በክንዱ ይዞ ይጮህ ነበር። ‹ሕዝቡ ይምጣና ይይ› ይላል። ዝም እንዲል ብቻ ነበር የፈለግኩት። ዝም ሲል ግን... ራሱን ለመንካት እጄ እምቢ አለኝ። ታላቄ ነው። እንዴት ብዬ ራሱን እነካለሁ?»

ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። አንድ ሽማግሌ ምራቁን መሬት ላይ እንትፍ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ ሲደረግ ማንም አይቶ አያውቅም።

ራይጂዬሊ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ አንዳንዱ እንዲያውም አሳዝኗታል። ይኼኛው ግን እንደዚያ እንደተዳመጠው ዓሣ ሆነባት።

«መግደሉን አልተጸየፍክም» አለችው። «አሮጊቷን ከአሸዋ ምሰሶ ሥር ማስተኛቱን አልተጸየፍክም። ወንድምህን ከአሳማ ጋር ልትቀብረው ጉድጓድ ማስቆፈሩንም አልተጸየፍክም። የተጸየፍከው ጠጉሩን መንካት ነው። አንሡት፤ ከፊቴ አርቁልኝ።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ሕዝቡ ሸሚዙ እንዳይነካው ግራና ቀኝ ተከፈለለት።

ማንም ሳያዝ ሰሌን መጣ። አንዱ ዋሻው ውስጥ የተረፈውን አመጣ፣ ሌላዋ ከትከሻዋ ላይ አወረደች። አካፋ የያዙት ሰዎች አንዳቸው የሌላቸውን ዓይን ሳያዩ ወደ ሹሞቹ መቃብር ሄዱ። አንድ አረጋዊ የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጁ ይዞ ይቅርታ ሊለምን ሴኒሚሊ ፊት ተንበረከከ። የለቅሶውን ምግብ ከየት እንደሚያመጡ ሲጨነቁ ሴኒሚሊ ወደ መጋዘኑ ጠቆመች።

«እዚያ አለ። አባቴ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ነው። ከዚህ የከፋ ምን ቀን ይመጣል? ብሉ።»

ራይጂዬሊ ቁልፉን ሰጠቻት። ልጅቱ የተቆረጠውን ገመድ ጫፍና ጫፍ ቋጠረችው። ወደ አባቷ ራስ ጎንበስ አለችና ቆመች፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወደ ላይሴኒያ ዘረጋችው።

«አጎቴ፣ አንተ አድርግለት።»

ላይሴኒያ በጭቃማ መዳፉ የሟቹን ማጅራት ደግፎ ቀና አደረገው። ገመዱን በጠጉሩ ላይ አሳልፎ አንገቱ ላይ አኖረው፤ ቁልፉን ደረቱ ላይ አስተካከለለት።

«ይኸው ኮፍያህ» አለው፤ ጠጉሩንም ዳግመኛ አንጨባረረለት። «በል አሁን ተነሥ። እናቴን ይዘህልኝ ውጣ።»